የመኪና ማረጋጊያ ዘንግ አመራረጥ

(በራዲዮ ከተነገረው)

መኪና በኩርባ መንገድ ላይ ፈጠን ብሎ ሲዞር አካሉ ወደ ውጭ እንደሚያዘነብል ሳይመለከቱ አልቀሩም። መኪናው ወደ ቀኝ ሲታጠፍ ተሳፋሪው ወደ ግራ ይጋደላል፤ በግራ በኩል ያሉት ሞላዎች ይጨመቃሉ፤ በቀኝ በኩል ያሉት ደግሞ ይላላሉ። ይህን ማዘንበል ለመቀነስ የተሠራው መሣሪያ የማረጋጊያ ዘንግ ይባላል፤ በየጋራዡም ስታቢላይዘር እየተባለ ይጠራል። ለስፖርት መኪና ባለቤቶች ከፋብሪካው ከመጣው የወፈረ ሌላ ዘንግ የሚያቀርቡ ነጋዴዎች በብዙ አገር አሉ። ገዥውም አብዛኛውን ጊዜ «ከሁሉ የሚወፍረው የትኛው ነው?» ብሎ ይጠይቃል። የዛሬው ንግግራችን ዓላማ ይህ ጥያቄ ስሕተት መሆኑን፥ ትክክለኛውም ጥያቄ የትኛው እንደ ሆነ ለማስረዳት ነው።

በመጀመሪያ የዘንጉን አሠራር እንመልከት። ሁለቱ ጫፎቹ ወደ አንድ አቅጣጫ የታጠፉ የብረት ዘንግ ነው። መካከሉ በጎማ ማቀፊያ ተይዞ ከመኪናው አካል ጋር ይታሰራል፤ ጫፎቹ የግራውንና የቀኙን መንኰራኵር ከያዙት ክንዶች ጋር ይገናኛሉ። ሁለቱ መንኰራኵሮች አብረው ሲነሡ ወይም አብረው ሲወርዱ ዘንጉ በማቀፊያው ውስጥ ይዞራል እንጂ አይቃወምም። አንዱ ተነሥቶ ሌላው ሲወርድ ግን ዘንጉ ልብስ አጣቢ እንደምትጨምቀው ጨርቅ ይጠመዘዛል፤ ብረቱም ወደ ነበረበት ለመመለስ ሲታገል የመኪናውን አካል ያቀናዋል። አሳቡ የቈየ ነው። ካናዳዊው እስቲፈን ኮልማን እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1919 ዓ.ም. ለእንዲህ ያለ መሣሪያ የፈጠራ መብት ተቀብሎበታል። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸውም ዓመቶች በዚሁ አቈጣጠር ናቸው።

ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ላይ ነው። ዘንጉ ጎማዎቹ መሬቱን የሚይዙበትን ኃይል የሚጨምር ይመስለዋል። መኪና ሲዞር ከውስጠኞቹ ጎማዎች ወደ ውጭኞቹ የሚሻገረው ክብደት የሚወሰነው በፍጥነቱ፥ በኩርባው ጥበት፥ በመኪናው ክብደትና በክብደቱ ማእከል ከፍታ፥ እንዲሁም በግራና በቀኝ ጎማዎች መካከል ባለው ስፋት ነው። ዘንግ ይህን ድምር እምብዛም አይለውጠውም። የሚለውጠው ክፍፍሉን ነው፤ ይኸውም ከሚሻገረው ክብደት ምን ያህሉ በፊተኞቹ ጥንድ ጎማዎች፥ ምን ያህሉስ በኋለኞቹ በኩል ይለፍ የሚለውን ይወስናል።

ጎማ ደግሞ የተጫነው ክብደት እጥፍ ቢሆን መሬት የመያዝ ኃይሉ እጥፍ አይሆንም፤ ከዚያ ያነሰ ነው የሚጨምረው። ሁለት በሬዎች ቀንበሩን እኩል ሲጐትቱ የሚያርሱትን ያህል፥ አንደኛው ሁሉንም ተሸክሞ ሁለተኛው ሲዘናጋ አያርሱም። የጎማ ጥንድም እንዲሁ ነው። ስለዚህ ዘንግ በወፈረበት ወገን የውጭኛው ጎማ ከመጠን በላይ ይሸከማል፤ የውስጠኛው ይቀልለዋል፤ ሁለቱ በአንድነት የሚያስገኙት ኃይል ያንሳል፤ ያ ወገን ቀድሞ ይንሸራተታል። የፊቱ ዘንግ ቢወፍር መኪናው መሪውን እያዞሩለት ወደ ፊት የመንጐድ ጠባይ ያመጣል። የኋላው ቢወፍር ግን ጅራቱ ይወጣል፤ ነጂው ሳያስበውም መኪናው ዞሮ ሊሽከረከር ይችላል። የመጀመሪያውን ጥፋት ብዙ ነጂ ፍጥነቱን በመቀነስ ያርመዋል። ሁለተኛውን ለማረም ግን ፈጣን እጅና ልምድ ያስፈልጋል።

ነገሩ ተራ የመካኒክ ወሬ አለመሆኑን የሚያስረዳ ታሪክ እንጥቀስ። የአሜሪካው ሸቭሮሌ በ1959 ኮርቬር የተባለ መኪና ለገበያ አወጣ። ሞተሩ በስተኋላ ስለ ተቀመጠ አብዛኛው ክብደት በኋለኞቹ ጎማዎች ላይ ያርፍ ነበር። የኋላ መንኰራኵሮቹን የሚያዞሩት ግማሽ ዘንጎችም ከመኻል ተነሥተው እንደ ክንፍ ከፍ ዝቅ የሚሉ ነበሩ። እንዲህ ላለው መኪና ከፊት የማረጋጊያ ዘንግ ቢደረግለት ጅራቱን ያስታግሥለታል፤ ሆኖም በመጀመሪያዎቹ ሞዴሎች ላይ በመደበኛ ዕቃነት አልተደረገም። የመኪናው ጠባይ የሚጠበቀው በጎማ ነፋስ ልዩነት ነበር፤ ከፊት በካሬ ኢንች 15 ፓውንድ፥ ከኋላ 26 ፓውንድ። ይህን የማያውቅ ሰው አራቱንም ጎማ እኩል ሲነፋ ሚዛኑ ይፈርሳል። በ1964ቱ ሞዴል የፊት ዘንግ በመደበኛነት ገባ፤ ለኋላውም ተጨማሪ ባሌስትራ ተደረገ፤ በ1965ቱ ደግሞ የኋላው አሠራር በሙሉ ተለወጠ። በዚያው በ1965 ጠበቃው ራልፍ ኔደር ስለ መኪና አደጋ ባሳተመው መጽሐፍ የመጀመሪያውን ምዕራፍ ለዚህ መኪና ሰጠው። በ1972 የአሜሪካ መንግሥት የመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤት የቀድሞዎቹን ሞዴሎች መርምሮ፥ በዘመኑ ከነበሩ ሌሎች መኪናዎች የባሱ አይደሉም ሲል መሰከረ። ፍርዱን ለአንባቢ እንተወው፤ ይሁን እንጂ አንድ ቀጭን ብረት መኖር አለመኖሩ ስለ ሰው ሕይወት በሚደረግ ክርክር ውስጥ ለመግባት መብቃቱን ልብ ማለት ይገባል።

አሁን ወደ ገበያው እንመለስ። የዘንግ ጥንካሬ ከውፍረቱ ጋር እኩል የሚያድግ አይደለም፤ ውፍረቱ አራት ጊዜ በራሱ ተባዝቶ በሚገኘው ልክ ያድጋል። ባለ 20 ሚሊሜትሩ ዘንግ በ22 ቢተካ የጨመረው ውፍረት 2 ሚሊሜትር ብቻ ነው፤ ጥንካሬው ግን በ46 ከመቶ ይጨምራል። በ25 ቢተካ ከሁለት እጥፍ ተኩል ጥቂት ይጐድለዋል። የታጠፈው ክንድ ርዝመትም እንዲሁ ይቈጠራል፤ 25 ሳንቲሜትር የነበረው ወደ 20 ቢያጥር ጫፉ ላይ የሚሰማው ጥንካሬ በ56 ከመቶ ገደማ ያድጋል። በክንዱ ላይ ሁለት ሦስት ቀዳዳ ያላቸው ዘንጎች የሚሠሩትም ለዚህ ነው፤ ባለቤቱ የማያያዣውን ቦታ በመለወጥ ብቻ ማጥበቅና ማላላት ይችላል። ውስጡ ክፍት የሆነ ዘንግም አይናቅም። ውጭው 25፥ ውስጡ 19 ሚሊሜትር የሆነ ዘንግ ከድፍኑ ባለ 20 ዘንግ በ63 ከመቶ ይጠነክራል፤ ክብደቱ ግን በሲሶ ያንሳል።

እንግዲህ ገንዘብዎን ከማውጣትዎ በፊት የሚከተለውን ያስቡ። አንደኛ፤ የጎማዎቹ ነፋስ በልክ መሆኑን፥ የዘንጉ የጎማ ማቀፊያዎች አለማለቃቸውን፥ ብሎኖቹም መጥበቃቸውን ያስመርምሩ፤ አሮጌው ዘንግ ደከመ የሚባለው ብዙ ጊዜ ማቀፊያው ስላለቀ ነው። ሁለተኛ፤ መኪናዎ ቀድሞ የሚንሸራተተው በፊቱ ነው ወይስ በኋላው? ይህንም በሕዝብ መንገድ ላይ ሳይሆን ለዚሁ በተከለለ ስፍራ፥ ከሚያውቅ ሰው ጋር ይፈትኑ። ሦስተኛ፤ አንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይለውጡ፤ ፊትና ኋላውን በአንድ ቀን የለወጠ ሰው የጥቅሙንም የጥፋቱንም ምክንያት አያውቅም። አራተኛ፤ ዘንጉ የሚታሰርበት የአካል ብረት አዲሱን ጭነት መቻሉን ያረጋግጡ። አምስተኛ፤ መንገዱን ያስቡ። ዘንግ የግራውንና የቀኙን መንኰራኵር ስለሚያስተሳስር፥ አንዱ ጉድጓድ ሲመታ ሌላውም ይናወጣል። ዝናብ ባራሰው መንገድም በጣም የጠነከረ የኋላ ዘንግ ለጅራቱ መውጣት ይረዳል።

ከመጠምጠም መማር ይቅደም እንደሚባለው፥ ከመግዛትም መመርመር ይቅደም። ነጋዴውን «ከሁሉ የሚወፍረው የትኛው ነው?» ብለው አይጠይቁ። ይልቁንም «የኔ መኪና የሚስተው በየትኛው ወገን ነው? ለዚያስ የሚበቃው ልክ ስንት ነው?» ብለው በመጀመሪያ ራስዎን ይጠይቁ። ሳያዘነብል የሚዞር መኪና ለዓይን ያምራል፤ ነጂውን ከኩርባው በደኅና የሚያወጣው ግን በአራቱ ጎማዎች መካከል ያለው ሚዛን ነው።