ከጠመንጃው ይልቅ መዝገቡ

ከዱርቤቴ ተነስቶ በቁንዝላና በሻሁራ በኩል ወደ ቋራ የሚወርደው መንገድ ገለጎ ሲደርስ የጣናን ነፋሻ አየር ያስረሳል። ከዚያ ወዲያ እስከ ሱዳን ድንበር ያለው ቆላ የአልጣሽ ብሔራዊ ፓርክ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2006 የተከለለ፣ 2,665 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ያህል የሚሰፋ፣ ከማዶው የዲንደር ፓርክ ጋር የተያያዘ። እ.ኤ.አ. በ2016 ተመራማሪዎች ያጠመዱት ካሜራ እዚህ አንበሳ ማንሳቱ የዓለም ዜና ሆኖ ነበር። ለአገሬው ግን ዜና አልነበረም፤ ሲያገሳ እየሰማ ነው የኖረው። ይህን አገር በእግሩ እየዞረ የሚጠብቀው ስካውት ነው። ስለ እሱ ሲነሳ ቶሎ የሚታየን ትከሻው ላይ ያለው ጠመንጃ ስለሆነ፣ ፓርክ በተጎዳ ቁጥር የምንሰማው “ሰው ይጨመር፣ መሣሪያ ይጨመር” የሚል ነው። እኔ ግን ሥራው በአብዛኛው የሚበላሸው ጫካ ውስጥ አይመስለኝም፤ ሕገ ወጥ አዳኙ ከተያዘ በኋላ ነው።

ስካውት ፖሊስም፣ ዐቃቤ ሕግም፣ ዳኛም አይደለም። በበጋ ወንዙ ሲቆራረጥ አውሬው የቀረችው ኩሬ ላይ ይሰበሰባል፤ አዳኙም ይህን ስለሚያውቅ እዚያው ያደፍጣል። ስካውቱ ደርሶ ሰውዬውን ከነሽቦ ወጥመዱና ከነቆዳው ያዘው እንበል። ወጥመዱ የት ቦታ፣ በስንት ሰዓት ተገኘ? ማን አነሳው? ፖሊስ ጣቢያ ለማን ተፈርሞ ተሰጠ? ይህ ካልተጻፈ ቆዳው ኤግዚቢት መሆኑ ቀርቶ ተራ ቆዳ ይሆናል፤ ተከሳሹም “መንገድ ላይ ወድቆ ያገኘሁት ነው” ብሎ ይወጣል። የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541/1999 ሲወጣ ከ5,000 እስከ 30,000 ብር መቀጮ ወይም ከአንድ እስከ አምስት ዓመት እስራት፣ ወይም ሁለቱንም ደንግጓል። ያን ጊዜ ያስደነግጥ የነበረው 5,000 ብር ዛሬ ደህና በግ አይገዛም። ስለዚህ የሚያስፈራው የእስራቱ አንቀጽ ነው፤ ዳኛ ግን በባዶ መዝገብ ማንንም አያስርም።

መሣሪያ ብቻውን እንደማይበቃ ሰሜን ተራሮች ምስክር ነው። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1978 የዓለም ቅርስ ሆነ፣ በ1996 አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ገባ፣ በ2017 ወጣ። ከአሥር ዓመት በፊት ከ800 በላይ ይቆጠር የነበረው ዋልያ በቅርብ ዓመታት ቆጠራ ወደ 300 ገደማ ወርዷል። ይህ የሆነው በአካባቢው ጠመንጃ በጠፋበት ዘመን ሳይሆን በሰሜኑ የአገሪቱ ክፍል በተነሳው ግጭት ምክንያት ከምንጊዜውም በላይ በበዛበት ዘመን ነው። የጎደለው መደበኛው ቅኝትና ከሳሽ፣ ፈራጅ ነበር።

“ድሃ ገበሬን ስለ አንድ ሸክም እንጨት ፍርድ ቤት ማመላለስ ግፍ ነው” የሚል ይኖራል፤ እውነት አለው። ነገር ግን ድሃውን የሚያጠቃው መዝገብ አይደለም፤ መዝገብ የሌለበት ዱላና ቅሚያ ነው። በአግባቡ የተጻፈ ነገር ሲኖር ዳኛው እንጨት ለቃሚውን ከቆዳ ነጋዴው ይለያል፤ ስካውቱም አላግባብ መትቶ ከሆነ ይጠየቅበታል። ሌላው ተቃውሞ ይከብዳል፦ ስካውቱ ያው የአካባቢው ልጅ ነው፤ የያዘው ሰው የጎረቤቱ ልጅ ወይም አማቹ ሊሆን ይችላል። ደም በሚመለስበት አገር ማን ደፍሮ ይይዛል? ለዚህ ሙሉ መልስ የለኝም። ቢሆንም ጉዳዩ ቶሎ በመንግሥት ስም ከሄደ፣ ቂሙ በአንድ ሰው ትከሻ ላይ ብቻ አያርፍም። ሳይከሰስ የተለቀቀ አዳኝ ግን ማን እንደያዘው ያውቃል፤ በማግስቱም እዚያው መንደር ነው የሚገናኙት።

በጀት የሚይዙ ሰዎች ስለ ጥይትና የደንብ ልብስ ሲያስቡ አንድ ትንሽ ነገር ይጨምሩ፦ ስካውቱ ለምስክርነት ሲጠራ የሚሳፈርበትን ሒሳብና የሚያድርበትን አበል። ቀጠሮው ሁለት ጊዜ ተላልፎበት በገዛ ኪሱ የተመላለሰ ሰው ለሦስተኛው አይመጣም።