የኮሎራዶ ወርዋሪዎች ችግር ከወዴት ነው?

በተማሪዎች መኖሪያ ሕንፃችን ውስጥ ከዴንቨር ከተማ የመጣ አንድ አሜሪካዊ የሕክምና ተማሪ አብሮን ይኖራል። እ.ኤ.አ. በ2025 የበጋ ወራት ይህ ሰው ከሌሊቱ 9፡40 ላይ ደወል ሞልቶ ይነሣ ነበር። ለፈተና የሚያጠና መስሎን «በርታ» ስንለው ሰነበትን። ኋላ እንደተረዳነው ግን የሚነሣው በአገሩ ገና ከምሽቱ 12፡40 ላይ የሚጀምረውን የቤዝቦል ጨዋታ ለመከታተል ኖሯል። የሚደግፈው ቡድን ኮሎራዶ ሮኪስ ይባላል፤ በዚያ ዓመት ካደረጋቸው 162 ጨዋታዎች 119ኙን ተሸንፏል። እኛም እንደ ልማዳችን «ለሽንፈት እንቅልፉን የሚሠዋ ሰው አየን» እያልን አሾፍንበት። እሱ ግን ሳይቆጣ፣ «ሕመሙ ያለው ወርዋሪዎቹ ላይ ነው፤ የወርዋሪዎቹ ሕመም ደግሞ አየሩ ነው» አለን። ነገሩን ስንመረምረው የፊዚክስና የሰውነት ጥናት ጉዳይ ሆኖ ስላገኘነው ለአንባቢያን ልናብራራ ወደድን።

ቤዝቦልን ላላየ ሰው ባጭሩ እንዲህ ነው። ወርዋሪው ከአንዲት ዝቅተኛ ጉብታ ላይ ቆሞ፣ 18 ሜትር ተኩል ያህል ርቆ ዱላ ይዞ ወደሚጠብቀው መቺ 145 ግራም ያህል የምትመዝን ኳስ ይወረውራል። የገና ጨዋታ የሚያውቅ ሰው ዱላውንና እሩሯን መገመት አያቅተውም፤ እዚህ ግን ኳሷ የምትመጣው በአየር ላይ ነው፣ የምትወረወረውም መቺውን ለማታለል ታስቦ ነው። የማታለያው መንገድ በፍጥነትና በመጠምዘዝ ነው። ወርዋሪው ኳሷን በጣቶቹ አሽከርክሮ ሲለቃት አየሩን ወደ አንድ ወገን ትገፋለች፣ አየሩም በፈንታው ወደ ሌላው ወገን ይገፋታል፤ ሳይንቲስቶች የማግነስ ኃይል የሚሉት ይህንኑ ነው። እንግዲህ የሚገፋው አየር ከሳሳ ኳሷም የምትጠመዝዘው በዚያው ልክ አንሶ ነው።

ዴንቨር ከባሕር ወለል በላይ 1,600 ሜትር ከፍታ ላይ የተቆረቆረች ከተማ ስትሆን አየሯ በባሕር ዳር ካለው አየር በ18 በመቶ ያህል የሳሳ ነው። ጓደኛችን አንድ ቀን እዚህ ባሕሩ አጠገብ ባለው ሜዳ ኳስ ወርውሮ አሳየን። ኳሷ መቺው ዘንድ ልትደርስ ስትል ደረጃ እንደሳተ ሰው ቁልቁል ወረደች። «አገሬ ላይ ይህችው ኳስ ቀጥ ብላ ዱላው ላይ ትመጣለች» አለ። ጉዳቱ በዚህም አያበቃም፤ የተመታችውም ኳስ ስስ አየር ስለማያግዳት ርቃ ትበራለች። ኩርስ ፊልድ የተባለው ስታዲየም እ.ኤ.አ. በ1995 ሲከፈት ይህን ለመከላከል የሜዳው አጥር ወደ ኋላ ርቆ ተሠራ። ነገር ግን ሜዳው ሲሰፋ ኳስ የሚወድቅበት ባዶ ቦታም አብሮ ሰፋ። ከ2002 ጀምሮ ደግሞ ኳሶቹ ደርቀው እንዳይነጥሩ እርጥበቱ በተመጠነ ክፍል ውስጥ ይቀመጣሉ። ይህ በመጠኑ ረድቷል፤ አየሩን ግን ማንም ሊያወፍረው አልቻለም።

ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ከፍታ ባለውለታችን ነው። እ.ኤ.አ. በ1968 ማሞ ወልዴ የሜክሲኮ ከተማን ማራቶን ሲያሸንፍ ሌሎቹን ያደከመው አየር ለእሱ የለመደው አየር ነበር። የሯጭ ደም ከከፍታ ጋር ይላመዳል፤ ኳስ ግን ደም የላትም። አዲስ አበባ ከዴንቨር በ700 ሜትር ያህል ከፍ የምትል ስለሆነች ወርዋሪዎቹን ወደዚያ ብንወስዳቸው ኳሳቸው የባሰ ቀጥ ይል እንደነበር ስንነግረው ጓደኛችን በዚያ ሰሞን ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ።

የወርዋሪ ችሎታ የሚለካው በ9 ዙር ውስጥ በአማካይ ስንት ነጥብ በራሱ ጥፋት እንዳስቆጠረ ነው። ከ3 በታች ግሩም፣ 4 አካባቢ ደኅና፣ ከ5 በላይ አሳሳቢ ነው። ቡድኑ ችግሩን በገንዘብ ለመፍታት ሞክሮ ያውቃል። ማይክ ሃምፕተን የተባለውን ስመ ጥር ወርዋሪ በ8 ዓመት ውል፣ በ121 ሚሊዮን ዶላር አስፈረመ። ሰውየው በ2001 ልኬቱ 5.41፣ በ2002 ደግሞ 6.15 ሆነና ለሌላ ቡድን ተላለፈ። በ2025 ግንቦት ወር ቡድኑ 21 ለ0 በተሸነፈ ማግስት አሠልጣኙ ባድ ብላክ ተሰናበተ። እሱ ራሱ በወጣትነቱ ወርዋሪ ነበር። ከስንብቱም በኋላ ሽንፈቱ ቀጠለ።

ታዲያ ተስፋው ከምን ላይ ነው? ጓደኛችን መጀመሪያ የሚጠራው ካይል ፍሪላንድን ነው፤ ዴንቨር ተወልዶ እዚያው ያደገ ወርዋሪ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 በዚያው ሜዳ እየተጫወተ 17 ጨዋታ አሸንፎ በ2.85 ልኬት የቡድኑን የምንጊዜም ክብረ ወሰን ያዘ። በሚቀጥለው ዓመት ግን ልኬቱ ወደ 6.73 ስላሻቀበ ለጊዜው ወደ ታችኛው ሊግ ተልኮ ነበር። ስለዚህ እዚያ መወርወር ይቻላል፤ መዝለቁ ነው ከባዱ። ምክንያቱም ወርዋሪው ግማሹን ዓመት በተራራው፣ ግማሹን በቆላና በባሕር ዳር ከተሞች ይወረውራል። በአንዱ ቦታ እጁ የለመደው ዒላማ በሌላው ይስታል። በየሁለት ሳምንቱ መርፌውን እየቀየሩበት በዚያው ትጋት የደም ሥር እንዲያገኝ የሚታዘዝ ተማሪ ቢኖር ችግሩ ይገባዋል።

ሁለተኛው ቼስ ዶላንደር ነው፤ በሰዓት ከ155 ኪሎ ሜትር በላይ የሚወረውር ወጣት። በመጀመሪያ ዓመቱ በ2025 በውጭ ሜዳዎች ልኬቱ ከ4 በታች ሲሆን በራሱ ሜዳ ግን ወደ 10 ተጠግቷል። የአንድ ሰው፣ የአንድ ክንድ ሁለት ውጤት! ጓደኛችን ግን በዚህ አይቆዝምም፤ «ክንዱ ጤነኛ ነው ማለት ነዋ» ይላል።

እኛን እንደ ሕክምና ተማሪ ያሳሰበን ይኸው ክንድ ነው። ኳሷ አልጠመዝዝ ስትል ወርዋሪው በጉልበት ሊያካክስ ይፈተናል። ጉልበት የጨመረ ሁሉ ይጎዳል ባንልም፣ በእያንዳንዱ ኃይለኛ ውርወራ የሚወጠረው የክርን ውስጠኛ ጅማት ለወርዋሪዎች ሁሉ የታወቀ አደጋ ነው። በ2023 ብቻ ከቡድኑ ዋነኛ ወርዋሪዎች ኸርማን ማርኬዝና አንቶኒዮ ሴንሳቴላ ሁለቱም በዚሁ ጅማት ምክንያት ኦፕራሲዮን ሆነዋል። ቀዶ ሕክምናውን ዶክተር ፍራንክ ጆብ በ1974 በቶሚ ጆን ክርን ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያደርጉ የተጠቀሙት ከሌላኛው ክንዱ የተወሰደ ጅማት ነበር። አንባቢ አውራ ጣቱንና ትንሿን ጣቱን አገናኝቶ አንጓውን ወደ ውስጥ ቢያጥፍ መካከል ላይ ገመድ መሰል ነገር ብቅ ይላል፤ ያ ነው። (ያልታየው አይደንግጥ፣ ብዙ ሰው የለውም፣ ጉዳትም የለው።) ቶሚ ጆን ወደ ሜዳ የተመለሰው በ1976 ነበር፤ ከኦፕራሲዮኑ በኋላም 164 ጨዋታዎች አሸንፏል። ዛሬም ቢሆን ማገገሚያው ከአንድ ዓመት ያላነሰ ጊዜ ይወስዳል።

በእኛ አስተያየት ቡድኑ ሌላ ሃምፕተን ፍለጋ ቢወጣ ያው ይደገማል። ወጣቶቹን ሳይቸኩል ይዞ፣ በየከፍታው የትኛው ውርወራ እንደሚሠራ እያስመዘገበ፣ ክርናቸውንም እየጠበቀ ቢያቆያቸው ይሻላል። ይህ ሦስት አራት ዓመት ይጠይቃል፤ በመካከሉም ብዙ መሸነፍ አለ።

ጓደኛችን ዋንጫ አልተመኘም። ከአልጋው በላይ ግድግዳው ላይ ወረቀት ለጥፎ «6» ብሎ ጽፏል። የዶላንደር የቤት ሜዳ ልኬት ከዚያ በታች ከወረደ ምሳ ሊጋብዘን ቃል ገብቷል።