የሕፃን ጋሪና የበረዶ መንገድ

ክረምት በአገራችን የዝናብ ወራት ስም ነው። በስዊድን አገር ግን ክረምት ማለት እኛ በጋ በምንለው ጊዜ፣ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት፣ ብርዱ የሚጸናበትና በብዙው ክፍል ምድር በረዶ የምትለብስበት ወራት ነው። በዚያ አገር ሕፃናትን በብርድ ጊዜም ቢሆን በሚገባ አልብሶ ወደ ውጭ ማውጣት የቆየ ልማድ ነው። ስለዚህ የሕፃን ጋሪ በበረዶ ላይ ሲገፋ ማየት እንግዳ ነገር አይደለም፤ ዳሩ ግን ልማድ መሆኑ ድካሙን አያስቀረውም።

በረዶው አሥር ሳንቲ ሜትር ያህል በተከመረ ጊዜ አውቶሞቢል ሳይቸገር ያልፈዋል፤ ጋሪ የምትገፋ እናት ግን በየእርምጃዋ ትታገላለች። የችግሩ ምንጭ ጎማው ነው። እንግሊዛዊው የአውሮፕላን መሐንዲስ ኦዌን ማክላረን በ1965 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ከአሉሚኒየም የተበጀ ተጣጣፊ ጋሪ አውጥቶ ነበር። እንዲህ ያለው ቀላል ጋሪ ለደረጃና ለአውቶቡስ ይመቻል፤ ትንንሾቹ ጎማዎቹ ግን በለስላሳ በረዶ ውስጥ ይሰምጣሉ። ስለዚህ ለበረዶ ጎማው ትልቅና አየር የሚሞላ ጋሪ ይመረጣል።

የፊት ጎማዎቹ ወዲያና ወዲህ የሚዞሩ ከሆኑ፣ ቀጥ ብለው እንዲሄዱ መቆለፍ ይገባል። በረዶው ከጠለቀ ጋሪውን ከመግፋት ይልቅ መጎተት ይቀላል። የሕፃኑ ሙቀት የሚታወቀው እጁን ሳይሆን ማጅራቱን በመዳሰስ ነው። ጋሪውን በብርድ ልብስ ፈጽሞ መሸፈን አየር ስለሚከለክል አደገኛ ነው። አንቀልባ፣ በትግርኛ ማሕዘል የሚባለው፣ በዚህ ጊዜ ከጋሪ የሚሻል ይመስላል፤ ሆኖም መንገዱ ካንሸራተተ እናትና ልጅ አብረው ይወድቃሉ።

እንግዲህ የእናት ብልኀት ብቻውን መንገድ አይጠርግም። ካርልስኩጋ በምትባል የስዊድን ከተማ ቀድሞ በረዶ ይጠረግ የነበረው በመጀመሪያ ከታላላቁ የመኪና መንገድ፣ በመጨረሻም ከእግረኛው መንገድ ላይ ነበር። የከተማው አስተዳደር በ2011 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ገደማ ይህን አሠራር ሲመረምር፣ በእግርና በአውቶቡስ የሚሄዱት ከወንዶች ይልቅ ሴቶች መሆናቸውን አስተዋለ። ስለዚህ ተራውን ለውጦ የእግረኛውን መንገድና ወደ ሕፃናት መዋያ የሚወስደውን አስቀደመ።

ስቶክሆልምም ይህንኑ ሐሳብ ተቀበለች። በኅዳር 2016 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ከባድ በረዶ ወርዶ የከተማው መጓጓዣ በታወከ ጊዜ ብዙ ወቀሳ ተሰማ፤ ደጋፊዎቹ ግን ጉድለቱ የሐሳቡ ሳይሆን የአፈጻጸሙ ነው ብለው መለሱ።

በረዶ በማይጥልበት አገርም ጭቃና ጉድጓድ አይታጣም። የመንገድ ሥራ ተራ የሚያወጣ ሹም መኪናው የት እንደሚያልፍ ከመጠየቁ በፊት፣ ልጅ የያዘችው እናት በየት እንደምታልፍ ቢጠይቅ ለሁሉም የሚበጅ መንገድ ያገኛል።