አሮጌው ላፕቶፕ ይሸጥ ወይስ ይሠራበት?

ላሊበላ ውስጥ ያለ የእንግዳ ማረፊያም ሆነ ትምህርት ቤት ላፕቶፑ ሲንቀራፈፍበት የሚሰማው ምክር አንድ ነው፦ «ሽጠውና ጨምረህ አዲስ ግዛ»። እኔ ግን ከመሸጡ በፊት ጀርባው ይፈታ እላለሁ። አብዛኛውን ጊዜ ሁሉንም የሚጎትተው ውስጡ ያለ አንድ ዕቃ ነው፤ ሃርድ ዲስኩ።

ሃርድ ዲስክ ውስጥ የተወለወለ ክብ ዝርግ አለ። በብዙዎቹ ላፕቶፖች ላይ በደቂቃ 5,400 ጊዜ ይሽከረከራል። መረጃውን የሚያነበው ጫፍ ዝርጉን አይነካውም፤ ሽክርክሪቱ በሚፈጥረው ስስ አየር ላይ ተንሳፎ ይሄዳል። በመካከላቸው ያለው ክፍተት ከፀጉር ውፍረት በሺዎች እጥፍ ያንሳል። አየሩ ሲሳሳ ጫፉ ወደ ዝርጉ ይጠጋል፤ ከነካው ደግሞ ይጭረዋል። ለዚህ ነው አምራቾች ብዙዎቹን ሃርድ ዲስኮች እስከ 3,048 ሜትር ከፍታ ብቻ እንዲሠሩ የሚፈቅዱት። ላሊበላ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ገደቡን አታልፍም። ወደ አቡነ ዮሴፍ ተራራ ሽቅብ ሲወጣ ግን ሰው የሚኖርበትና የሚያርስበት ደጋ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። እዚያ የሚላክ ኮምፒውተር ሃርድ ዲስኩ ሳይቀየር ባይላክ ይሻላል።

በሃርድ ዲስክ ፈንታ የሚገባው ኤስኤስዲ የሚሽከረከር ነገር ስለሌለው የአየሩ መሳሳት አያሳስበውም። ጥቂት ብሎን ፈትቶ አሮጌውን ማውጣትና አዲሱን መሰካት ነው። ለመነሳት ደቂቃዎች ይፈጅ የነበረው ላፕቶፕ ከአንድ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ይከፈታል። ራሙ 4 ጊጋ ከሆነና ቦታ ካለው ወደ 8 ማሳደግ ነው። ክዳኑ ከተከፈተ አይቀር ማራገቢያው ላይ የተጋገረው አቧራም ይጠረግ፤ ስስ አየር ሙቀትን በደንብ ስለማይወስድ በደጋ የታፈነ ማራገቢያ ቶሎ ያግላል።

ገበያው ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ በኋላ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። ያገለገለውም አዲሱም ሲወደድ የሚጨመረው ልዩነት አብሮ ሰፋ። ኤስኤስዲውም ከውጭ ይመጣል፤ ዋጋው ግን ከአዲስ ላፕቶፕ ጋር አይወዳደርም።

የሶፍትዌር ጉዳይም አለ፦ ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ አብዛኞቹን የቆዩ ፕሮሰሰሮች አይቀበልም። በዊንዶውስ ፈንታ ሊኑክስ ሚንት በነፃ ይጫናል፤ አማርኛም ይጻፍበታል። ኢንተርኔት በሌለበት ትምህርት ቤት ኪዊክስ በሚባለው ፕሮግራም ሙሉ ውክፔዲያ ዲስኩ ላይ ተጭኖ ተማሪ ያነበዋል።

ጨርሶ መሸጥ የሌለበትም አለ። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም ለፊደሉ የየራሱን ቁጥር ይሰጥ ስለነበር፣ በእነዚያ የተጻፈ ደብዳቤ ወይም መዝገብ አዲስ ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት የላቲን ፊደልና የምልክት ዝብርቅርቅ ሆኖ ይወጣል። የድሮው ፕሮግራም የተጫነበት ማሽን ያለው መሥሪያ ቤት ፋይሎቹን አንድ በአንድ ከፍቶ ወደ ፒዲኤፍ እስኪቀይር ድረስ ከእጁ አያውጣው። እንዲህ ያለ ሰነድ የማንበቢያ ማሽኑ ሲሸጥ አብሮ ይጠፋል፤ ይህ በጣም ያሳስበኛል።

ማዘርቦርዱ የሞተ ከሆነ ግን መሸጥ ነው፤ ራሙ፣ ስክሪኑና ቻርጀሩ ለየብቻ ገዢ አላቸው። የተረፈው አዲስ አበባ እስካለው የአሮጌ ዕቃ ገበያ፣ እስከ ምን አለሽ ተራ ድረስ ይሄዳል። ሃርድ ዲስኩ ከመሸጡ በፊት «ዲሊት» ማድረግ አይበቃም፤ ያ የመጽሐፍን ማውጫ ገጽ ቀዶ እንደ መጣል ነው፣ ጽሑፉ እዚያው አለ። በላዩ ላይ ሌላ መረጃ የሚጽፍ ማጥፊያ ይሠራበት። ያበጠ ባትሪ ካለ ለብቻው ይቀመጥ፤ ሊቲየም ስለሆነ ከተበሳ ወይም እሳት ከነካው ይቀጣጠላል።