የኤሌክትሮኒክስ ነዳጅ መስጫ አሠራርና ደህንነቱ

በቀድሞ ተሽከርካሪዎች የነዳጅ መስጫ ፔዳል ወደ ሞተሩ የሚገባውን አየር ከሚቆጣጠረው ክዳን ጋር የሚገናኘው በካቮ ነበር። በዘመናዊ መኪናዎች ግን ካቮው በኤሌክትሮኒክስ መቆጣጠሪያ ተተክቷል።

አሽከርካሪው ፔዳሉን ሲረግጥ ሁለት ሴንሰሮች የአረጋገጡን መጠን ለኮምፒዩተር ያስተላልፋሉ። ኮምፒዩተሩም መረጃውን አመሳክሮ አንዲት አነስተኛ የኤሌክትሪክ ሞተር ክዳኑን እንድትከፍት ወይም እንድትዘጋ ያዛል። የሴንሰሮቹ መረጃ ካልተጣጣመ የሞተሩ ጉልበት እንዲቀንስ ይደረጋል፤ ኤሌክትሪክ ሲቋረጥም ሞላ ክዳኑን ለመዘጋት ወደተቃረበ ቦታ ይመልሰዋል።

እ.ኤ.አ. በ2009 በካሊፎርኒያ ሳን ዲዬጎ አቅራቢያ አንድ ሌክሰስ መኪና ከቁጥጥር ውጪ በመፍጠኑ አራት ሰዎች ሞተዋል። መኪናው ውስጥ የተነጠፈው ለሌላ ሞዴል የተሠራ ምንጣፍ ነበር። አምራቹ ቶዮታ ኩባንያም በሚሊዮን የሚቆጠሩ መኪናዎችን ለእርማት ጠርቷል።

የአሜሪካ የአውራ ጎዳና ትራፊክ ደህንነት አስተዳደር በናሳ መሐንዲሶች እገዛ ያካሄደውና በ2011 ይፋ የሆነው ምርመራ የኤሌክትሮኒክስ ጉድለት ለአደጋዎቹ መንስኤ ስለመሆኑ ማስረጃ አላገኘም። ፔዳሉን የሚይዝ ምንጣፍና ተጣብቆ የሚቀር ፔዳል ግን በምክንያትነት ተለይተዋል። መሐንዲሶቹ ማስረጃ አለመገኘቱ ችግሩ ፈጽሞ ሊከሰት አይችልም ማለት እንዳልሆነም አስገንዝበዋል። ኩባንያው ስለ ጉድለቶቹ ደንበኞችን በማሳሳቱ በ2014 የ1 ነጥብ 2 ቢሊዮን ዶላር ቅጣት ለመክፈል ተስማምቷል።

መኪና ያለ አሽከርካሪው ፍላጎት ሲፈጥን ፍሬኑን ሳያቋርጡ አጥብቆ መርገጥ፣ ማርሹን ወደ ዜሮ መመለስ፣ ከመንገድ ወጥቶ ከቆሙ በኋላም ሞተሩን ማጥፋት ይገባል። ምንጣፉ ለመኪናው የተሠራና በመያዣው የታሰረ መሆኑን ከጉዞ በፊት ማረጋገጥም የአሽከርካሪው ኃላፊነት ነው።