የግላኮማን ጠብታ የሚተካ ቫይታሚን የለም

በመንዝ፣ በግሼ እና በመርሐቤቴ ደጋማ አካባቢዎች የሽማግሌ ዓይን ሲደክም አስቀድሞ የሚጠረጠረው የዓይን ሞራ ነው። ጥርጣሬው ያለ ምክንያት አይደለም። በ1998 ዓ.ም በሀገር አቀፍ ደረጃ በተካሄደው ጥናት ከዓይነ ስውርነት 49 ነጥብ 9 በመቶው የመጣው በሞራ ግርዶሽ ሲኾን የግላኮማ ድርሻ 5 ነጥብ 2 በመቶ ነበር። በሁለቱ መካከል ግን ከቁጥሩ የሚከብድ ልዩነት አለ። ሞራ በቀዶ ሕክምና ሲወገድ ብርሃን ይመለሳል፤ በግላኮማ የጠፋ ብርሃን አይመለስም።

ብዙ ታካሚዎችን ወደ ቫይታሚን የሚመራቸውም ይኸው አለመመለሱ ነው። ውጭ ሀገር ያለ ዘመድ "ለዓይን ጥሩ ነው" ብሎ የላከው ጠርሙስ፣ ከከተማ መድኃኒት ቤት የተገዛ ቢ ኮምፕሌክስ፣ አልፎ አልፎም ጊንኮ ከተባለው ዛፍ ቅጠል የተዘጋጀ እንክብል ተስፋ ይጣልባቸዋል። ተስፋው ፈጽሞ መሠረት የለውም ማለት አይቻልም። ነገር ግን የት ድረስ እንደሚያደርስ መታወቅ አለበት።

ዓይን በውስጡ የሚመነጭ ንጹሕ ፈሳሽ አለው። መውጫው ሲጠብ ፈሳሹ ይጠራቀማል፤ ግፊቱም ይጨምራል። ምስልን ከዓይን ወደ አንጎል የሚያደርሰው ነርቭ በዚህ ግፊት ቀስ በቀስ ይጎዳል። ግፊታቸው ከልክ ሳያልፍ ነርቫቸው የሚጎዳ ሰዎችም አሉ። በብዛት የሚታየው የግላኮማ ዓይነት ሕመም የለውም፤ መጀመሪያ የሚወስደውም የጎን እይታን ነው። አራሹ በሬዎቹን ፊት ለፊት እያየ ከጎኑ ያለው ድንጋይ ያደናቅፈዋል፤ ነገሩንም ከእርጅና ይቆጥረዋል። ወደ ሐኪም ሲደርስ አብዛኛው ነርቭ አልቆ ሊገኝ ይችላል።

"ቫይታሚን ለዓይን" ሲባል የብዙ ሰው ሐሳብ የሚሄደው ወደ ቫይታሚን ኤ ነው። ቫይታሚን ኤ ዳፍንትን ይከላከላል፤ ከስድስት ወር እስከ አምስት ዓመት ለኾኑ ሕጻናት በየስድስት ወሩ የሚሰጠውም በዚህና በሌሎች የጤና ጥቅሞቹ ነው። ከግላኮማ ሕክምና ጋር ግን ግንኙነት የለውም።

የተመራማሪዎችን ትኩረት የሳበው ኒኮቲናማይድ የተባለው የቫይታሚን ቢ3 ዓይነት ነው። የነርቭ ሴሎች ኃይል ለማመንጨት የሚጠቀሙበት ንጥረ ነገር ከዕድሜ ጋር ይቀንሳል፤ ኒኮቲናማይድ ይህን ይተካል ተብሎ ይታሰባል። እ.ኤ.አ በ2017 በአሜሪካ ይፋ በኾነ ጥናት በዘር ግላኮማ የሚይዛቸው አይጦች ይህ ቫይታሚን ሲሰጣቸው የብዙዎቹ ነርቭ ከጉዳት ተርፏል። እ.ኤ.አ በ2020 አውስትራሊያ ውስጥ 57 ታካሚዎች የተለመደ ሕክምናቸውን ሳያቋርጡ ቫይታሚኑን ወስደው የዓይናቸው የነርቭ ሴሎች አሠራር ሲለካ መሻሻል ታይቷል። ከዓመት በኋላ በኒውዮርክ በ32 ሰዎች ላይ ኒኮቲናማይድ ፓይሩቬት ከተባለ ንጥረ ነገር ጋር ተሰጥቶ ተመሳሳይ ፍንጭ ተገኝቷል።

እነዚህ ሙከራዎች በጥቂት ሰዎች ላይ ለጥቂት ሳምንታት ወይም ወራት የተደረጉ ናቸው። ግላኮማ ግን የሚጎዳው በዓመታት ነው። በዓመታት ውስጥ ዓይነ ስውርነትን ያስቀር እንደኾነ ለመለየት ስዊድንን ጨምሮ በተለያዩ ሀገራት ሰፋ ያሉ ሙከራዎች ተጀምረዋል።

መጠኑም ሌላ ጉዳይ ነው። በአውስትራሊያው ሙከራ ታካሚዎቹ በቀን እስከ 3 ግራም ወስደዋል። አንድ አዋቂ ሰው በቀን የሚያስፈልገው ቢ3 ግን 16 ሚሊ ግራም ገደማ ነው። የመንዝ ገብስ፣ ቆሎውም በሶውም፣ ይህን ቫይታሚን ይዟል፤ ይኹን እንጂ በስሌት 3 ግራም ለማግኘት በቀን ከግማሽ ኩንታል በላይ ገብስ መብላት ያሻል! የተለመደው ቢ ኮምፕሌክስም ቢኾን ከዚህ መጠን አጠገብ አይደርስም። ስለዚህ በሙከራው የተሰጠው እንደ ምግብ ሳይኾን እንደ መድኃኒት የሚታይ ነው። መድኃኒት ደግሞ ጉዳትም አለው። ከፍተኛ መጠን ያለው ኒኮቲናማይድ ሆድን ሊያውክ፣ ጉበትንም ሊጎዳ ይችላል። ጊንኮም ቢኾን አስፕሪን ከመሳሰሉ ደም አቅጣኝ መድኃኒቶች ጋር ሲወሰድ መድማትን ሊያባብስ ይችላል።

ከምግብ ወገን ሊጠቀስ የሚገባው ጎመን ነው። በአሜሪካ የጤና ባለሙያዎችን ለብዙ ዓመታት የተከታተለና እ.ኤ.አ በ2016 የታተመ ጥናት ቅጠላ ቅጠል አብዝተው የሚመገቡት በግላኮማ የመያዝ ዕድላቸው ከ20 እስከ 30 በመቶ ያነሰ ኾኖ አግኝቷል። ጥናቱ ጎመን በሽታውን ይፈውሳል አላለም፤ መከላከሉንም በእርግጠኝነት አላሳየም። ከጓሮ የሚቀነጠስ ጎመን ግን ጉበት አይጎዳም፤ ኪስም አያራቁትም።

በብዙ ጥናት የተረጋገጠው ሕክምና ግፊትን መቀነስ ነው፤ በጠብታ፣ በጨረር ወይም በቀዶ ሕክምና። በስዊድን የተደረገ የረጅም ጊዜ ጥናት በግፊት መለኪያ እያንዳንዷ አንድ ሚሊ ሜትር ስትቀንስ በሽታው የመባባስ ዕድሉ በ10 በመቶ ገደማ እንደሚቀንስ አሳይቷል። ችግሩ ጠብታው በየቀኑ፣ ዕድሜ ልክ የሚፈለግ መኾኑ ነው። ከመሐል ሜዳ፣ ከራቤል ወይም ከዓለም ከተማ ተነስቶ ለክትትል ደብረ ብርሃን ወይም አዲስ አበባ የሚመላለስ ታካሚ የትራንስፖርቱም የመድኃኒቱም ወጪ አለበት። ለቫይታሚን ጠርሙስ ተብሎ የጠብታው ገንዘብ ሲጎድል ታካሚው የተረጋገጠውን ሰጥቶ ያልተረጋገጠውን ገዛ ማለት ነው። ጠብታ ማቋረጥ ደግሞ ሕመም ስለሌለው ጉዳቱ በጊዜው አይታወቅም።

በማሳከክና በመቅላት ምክንያት ያለ ትዕዛዝ የሚገዛ ስቴሮይድ ያለበት ጠብታ ራሱ የዓይን ግፊት ከፍ እንዲል ያደርጋል። ለግላኮማ የሚታዘዘው ቲሞሎል በበኩሉ አስም ላለበት ሰው አደገኛ ስለኾነ ታካሚው አስም ካለበት አስቀድሞ መናገር አለበት። ቫይታሚን የጀመረም ጠርሙሱን ይዞ ሄዶ ለሐኪሙ ያሳይ።

ግላኮማ በቤተሰብ ይሄዳል። አባቱ፣ እናቱ፣ ወንድሙ ወይም እኅቱ ግላኮማ የተገኘበት ሰው፣ በተለይም 40 ዓመት የሞላው፣ ዓይኑ ደኅና ቢመስለውም የዓይን ግፊቱንና ነርቩን መታየት ይኖርበታል።