የአጋዘን ጥይት፦ ርካሹ ሲወደድ

በአሜሪካ ለአጋዘን አደን ጥይት የሚገዛ ሰው ምርጫው ከእርሳስና ከመዳብ አረር ነው። እርሳሱ በዋጋ ይረክሳል፤ ሲመታ ግን ይፈረካከስና ብናኙ ሥጋው ውስጥ ይቀራል። የሰሜን ዳኮታ ጤና ባለሥልጣናት በ2008 (እ.ኤ.አ.) ለችግረኞች የተለገሰ የአጋዘን ሥጋ እንዳይታደል የመከሩት በዚሁ ምክንያት ነበር። ካሊፎርኒያም ከጁላይ 1 ቀን 2019 ጀምሮ በእርሳስ ጥይት ማደንን ከልክላለች።

መዳብ ይወደዳል፤ ነገር ግን ሳይበታተን ጠልቆ ይገባል። ፍጥነቱ ሲቀንስ በደንብ ስለማይከፈት ከሩቅ መተኮስ አያዋጣም።

ሒሳቡ በፓኮ ሳይሆን በአጋዘን ይሠራ። ለአንድ አጋዘን አንድ ወይም ሁለት ጥይት ከበቃ፣ የዋጋው ልዩነት ከሚበላሸው ሥጋ ያንሳል። ጠመንጃ ሁሉ ከአንድ ዓይነት ጥይት ጋር ስለማይስማማ ግን፣ በዒላማ ሳይሞክሩ በብዛት መግዛት ኪሳራ ነው።